የቤት ጥራጊንና የጋጣ አዛባን ወደ ብስባሽ መቀየር፦ በቀዝቃዛ ደጋ መንደር ሥራው ከየት ይጀመር?

ጥያቄ (ከባሶና ወራና ወረዳ)

እንደምን ሰነበታችሁ። የምንኖረው በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ከተማ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ሲሆን፣ አብዛኛው ሰው በማሳው ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ፣ በጓሮው ደግሞ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርትና ጎመን ያመርታል። በአንድ እድር ውስጥ ያለን ጥቂት ቤተሰቦች የጓሮ አትክልታችንን ያለ ዩሪያና ያለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ለማምረት፣ ውሎ አድሮም በከተማው ገበያ ኦርጋኒክ ምርት ብለን ለማቅረብ ተስማምተናል። የማዳበሪያ ዋጋ ከአቅማችን በላይ እየሆነ መምጣቱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ዋናው ምክንያት ግን አፈራችን ነው። ዩሪያ በተጨመረበት ዓመት ሰብሉ ይለመልማል፤ ባልተጨመረበት ዓመት መሬቱ ከራሱ የሚሰጠው ነገር ያለ አይመስልም።

ከየቤቱ በየቀኑ የሚወጣው ጥራጊ ምን ምን እንደሆነ ተነጋግረንበታል። የድንችና የሽንኩርት ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ ከከብቶች የተረፈ የጠላ አተላ፣ የምድጃ አመድ፣ የግቢ ጥራጊ፣ የጋጣ አዛባና የዶሮ ኩስ አለ፤ በበዓል ሰሞን ደግሞ የእርድ ፈርስ ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ ዛሬ የሚጣለው ከግቢው ጀርባ ተደባልቆ ነው፤ ፌስታልም ባትሪ ድንጋይም አብሮ ይገኝበታል።

የከበደን ነገር እበቱ ነው። በአካባቢያችን እበት ማለት ማገዶ ማለት ስለሆነ፣ ኩበት ሆኖ ያልተጋገረው ትንሽ ነው፤ ለብስባሽ የሚሆነውን ከየት እናምጣ? ሁለተኛ፣ ቦታው ብርድና ውርጭ የሚበረታበት ከመሆኑም በላይ መሬቱ መረሬ ነው፤ የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ሲገባ ውኃ ይሞላል። ሦስተኛ፣ አመዱን ሁሉ ከብስባሹ ጋር ብንቀላቅለው ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ከዚህም ሌላ ለእድሩ አባላት በሙሉ አንድ የጋራ ጉድጓድ ቢኖር ይሻላል ወይስ እያንዳንዱ ቤተሰብ የየራሱን ቢያዘጋጅ? በመጨረሻም፣ ከቤት ጥራጊ የተሠራ ብስባሽ በኦርጋኒክ አመራረት ሕግ ዘንድ ተቀባይነት እንዳለው የምታውቁ ብታስረዱን እናመሰግናለን።

መልስ (የአፈር ለምነት ባለሙያ)

ጠያቂያችን፣ ወደ አሠራሩ ከመግባቴ በፊት መጠንን በሚመለከት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ፤ ብዙ የብስባሽ ሥራ በመካከል የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነውና። አንድ ቤተሰብ በቀን 2 ኪሎ ግራም ልጣጭና ጥራጊ ቢያወጣ በዓመት 730 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል፤ ሲበሰብስ ውኃውም ካርቦኑም ስለሚለቅ ተጣርቶ የሚቀረው 300 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ይህ በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ለሚበተንበት፣ ርዝመቱም ስፋቱም 10 ሜትር ለሆነ ጓሮ ይበቃል። ሩብ ሄክታር ለሆነ የገብስ ማሳ ግን በሄክታር ከ5 እስከ 10 ቶን በሚለው ስሌት ከ1,250 እስከ 2,500 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ስለዚህ የወጥ ቤት ጥራጊ ጓሮን ያለማል፤ ማሳን ለማልማት ግን አረም፣ ገለባና የጋጣ ጉዝጓዝ መጨመር የግድ ነው። ከጓሮ መጀመራችሁ ትክክለኛ ውሳኔ ነው።

እበቱን በተመለከተ፣ ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና አፈርን የሚያለሰልሰው ካርቦን ከጢሱ ጋር ይሄዳሉ፤ ፎስፈረስና ፖታሲየም ግን በአብዛኛው በአመዱ ውስጥ ይቀራሉ። ይህን ማወቅ ሁለት መንገድ ያሳያል። የመጀመሪያው፣ እበቱ ለማገዶ ቢሄድም ሽንቱ እንዳይባክን ማድረግ ነው፤ የከብት ሽንት ናይትሮጅንም ፖታሲየምም በብዛት ይዟል፣ ዛሬ ግን የጋጣው ወለል ውስጥ ሰርጎ ይጠፋል። ከብቶቹ በሚያድሩበት ቦታ የገብስ ገለባ ወይም ከብት የማይበላውን ጭራሮና ደረቅ ሣር በስሱ ብትጎዘጉዙና በየጥቂት ቀኑ እያነሣችሁ ወደ ክምሩ ብትወስዱት፣ አንዲት ኩበት ሳይቀነስ ለብስባሽ የሚሆን ሀብት ታገኛላችሁ። ሁለተኛው፣ ማገዶውን መተካት ነው። በአካባቢያችሁ ባሕር ዛፍ እጅግ ብዙ ነው፤ ቅጠሉ ዘይት ስላለው በቶሎ አይበሰብስም፣ የሌላውን ተክል ቡቃያም ሊያቀጭጭ ይችላል። ስለዚህ የባሕር ዛፍ ቅጠል ወደ ምድጃ፣ በእሱ ልክ የተረፈው እበት ወደ ብስባሽ ቢሄድ ሁለቱም በሚስማማቸው ቦታ ይውላሉ። እንጀራ በሦስት ጉልቻ የሚጋገር ከሆነ፣ ምርጥ የሚባለው ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ ይታወቃል፤ ይህም እንዲሁ እበት ያስተርፋል። አራትና ከዚያ በላይ ከብት ያለውና ውኃ የማይቸግረው ቤተሰብ ደግሞ የባዮጋዝ ማብላያ ቢሠራ፣ ከእበቱ ጋዙን ለማብሰያ ወስዶ ተረፈ ምርቱን ለአፈር ማስቀረት ይችላል።

አሁን ወደ ክምሩ ልመለስ። በመረሬ መሬት ላይ ጉድጓድ የሚጠቅመው በበጋ ብቻ ነው፤ እርጥበት ይይዛል፣ ነፋስም ይከላከላል። ከሰኔ ጀምሮ ግን ውኃ ሲቋጥር አየር ይጠፋና ብስባሹ መሽተት ይጀምራል፤ ናይትሮጅኑም ይባክናል። ስለዚህ በክረምት ከፍ ባለ ቦታ፣ ዙሪያውን የውኃ መውረጃ ቦይ ተደርጎለት በመሬት ላይ ይከመር። ብርዱን የሚያሸንፈው የክምሩ መጠን ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው እያንዳንዳቸው ከ1 ሜትር ካነሱ ሙቀቱ እንደተፈጠረ ይበተናል፤ 1 ሜትር ከሞሉና በላዩ ላይ ገለባ ተደርጎ በጭቃ ከተለሰነ ግን ውጭው ውርጭ ሆኖ እንኳን ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊደርስ ይችላል። ይህ ሙቀት የብዙውን አረም ዘርና የበሽታ ተሕዋስያን ይገድላል። ከግድግዳ ሥር፣ ነፋስ በማይመታው በኩል ቢሆን የተሻለ ነው።

አደራረቡን በሚመለከት፣ ከታች አየር እንዲያስገባ የባቄላ አገዳ ወይም የደረቀ ጭራሮ አንድ ስንዝር ያህል ይነጠፋል። በላዩ ደረቅ ገለባ፣ ከዚያ እርጥብ አረምና የወጥ ቤት ልጣጭ፣ ከዚያ አዛባ ወይም ኩስ፣ በመጨረሻም ከጓሮ የተነሣ አፈር በስሱ ይበተናል፤ ይህ ቅደም ተከተል ክምሩ እስኪሞላ ይደጋገማል። ደረቁ በብዛት ካርቦን፣ እርጥቡና አዛባው በብዛት ናይትሮጅን የያዙ ናቸው፤ ሥራው በደንብ የሚሄደው ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ከ1 እጅ ናይትሮጅን ጋር ሲገናኝ ነው። ይህን በላቦራቶሪ መለካት አያስፈልጋችሁም፤ ሲከመር ሁለት እጅ ያህሉ ደረቅ፣ አንድ እጅ ያህሉ እርጥብና አዛባ ከሆነ ወደዚያ የተጠጋ ነው። የፈርስ ነገር ደግሞ አይዘንጋ፤ ከሆድ ዕቃ የሚወጣ ስለሆነ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ተሕዋስያን ሞልተውበታል፣ ክምሩንም ቶሎ ያስነሣዋል።

ውስጡን ለማወቅ ከላይ እስከ ታች የሚደርስ ረዘም ያለ እንጨት መሐሉ ላይ ተክላችሁ ተዉት። ስታወጡት የሚያቃጥልና እርጥብ ከሆነ ክምሩ እየሠራ ነው። ሞቆ ከደረቀና ነጭ ሻጋታ ካሳየ ውኃ ይፈልጋል፤ ቀዝቅዞ ከረጠበና ከሸተተ ደግሞ ተገልብጦ ደረቅ ገለባ ሊጨመርበት ይገባል። ከመሐሉ የተወሰደ እፍኝ ሲጨመቅ እጅን ከማርጠብ አልፎ የሚንጠባጠብ ከሆነ ውኃው በዝቷል። በየሦስት ሳምንቱ ገደማ መገልበጥ ይገባል፤ በመሐል የነበረው ወደ ዳር፣ በዳር የነበረው ወደ መሐል ይምጣ። በቆላ በሦስት ወር የሚደርሰው፣ በእናንተ ከፍታ ከአራት እስከ ስድስት ወር ሊፈጅ ይችላል።

አመድን ሁሉ አትቀላቅሉ። አመድ ናይትሮጅን የለውም፤ ባሕርይው አልካሊ ስለሆነ ከሽንትና ከኩስ ጋር በብዛት ሲገናኝ ናይትሮጅኑን ወደ አሞኒያ ለውጦ ወደ አየር ያባርረዋል። አዛባ ላይ አመድ ሲደፋ አፍንጫ የሚወጋው ሽታ ያ ነው። በየድርቡ እንደ ጨው ነስነስ ማድረግ ይበቃል። የቀረውን በደረቅ ዕቃ አስቀምጣችሁ ድንችና ነጭ ሽንኩርት በምትተክሉበት መደብ ላይ በስሱ ብትበትኑት፣ ፖታሲየሙ ለእነዚህ ተክሎች በጣም ይጠቅማል። በጎጃምና በወለጋ ባሉ አሲዳማ አፈሮች አመድ የበለጠ ዋጋ አለው፤ መረሬ ግን ብዙውን ጊዜ አሲዳማ ስላልሆነ አታብዙበት።

መልስ (ከትግራይ፣ አክሱም አካባቢ)

ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ የተሟላ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ወቅቱ ነው። በእኛ አካባቢ ብስባሽ በስፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 የዘላቂ ልማት ተቋም ከክልሉ ግብርና ቢሮ ጋር በጥቂት ቀበሌዎች ባካሄደው ሥራ ነው፤ ሐሳቡን ያመነጩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ሲሆኑ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሱ ኤድዋርድስ ለረጅም ዓመታት መርተውታል። ሁለቱም ዛሬ በሕይወት የሉም፤ ሥራቸው ግን በገበሬው እጅ አለ። በብዙ ማሳዎች በብስባሽ የተገኘው ምርት በኬሚካል ማዳበሪያ ከተገኘው የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሁሉም በላይ ገበሬውን ያሳመነው ግን አንድ ጊዜ በደንብ ብስባሽ ያገኘ ማሳ በሚቀጥለው ዓመትም ማፍራቱ ነው፤ ዩሪያ ይህን አያደርግም።

ያኔ የተማርነው ዋና ነገር አረም የሚሰበሰበው ከመስከረም እስከ ጥቅምት፣ ዘር ሳይቋጥርና መሬቱ ሳይደርቅ መሆኑን ነው። በመንገድ ዳር፣ በማሳ ድንበርና በአጥር ሥር ያለው ልምላሜ በዚያ ሰዓት ያለ ዋጋ ይገኛል፤ ኅዳር ካለፈ የሚቀረው ገለባ ብቻ ነው። በመስከረም መጨረሻ የተከመረ ብስባሽ በእናንተ ብርድ እንኳን ለየካቲትና ለመጋቢት ይደርሳል፣ ከዚያም የበልግ ዝናብም ሆነ የክረምቱ ዘር ሳያመልጠው ወደ መሬት ይገባል። በበጋ የሚጨመረው ውኃ ዕቃ የታጠበበት ሊሆን ይችላል፤ የልብስ ሳሙና ያለበት ግን ይቅር።

መልስ (እማወራ፣ ከጉራጌ ዞን)

ጠያቂው ስለ ጋራ ጉድጓድ ያነሡትን ጉዳይ በሚመለከት ልናገር። በእኛ አገር የእንሰት ጓሮ በቤቱ ዙሪያ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አዛባውም ጥራጊውም በየማለዳው ከደጃፍ ወጥቶ እንሰቱ ሥር ስለሚውል፣ ቤቱ አጠገብ ያለው አፈር ከሩቁ ይልቅ የጠቆረና የለማ ነው። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ብስባሽ ይሠራ ሲባል ተጨማሪው ሸክም በማን ጀርባ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ መነጋገር ይገባል። የጋራ ጉድጓዱ ከመንደሩ ራቅ ብሎ ቢቆፈር፣ እርጥብ ልጣጭና አዛባ ተሸክማ በየቀኑ የምትሄደው ሴቲቱ ናት፤ በጥቂት ሳምንት ውስጥም ጥራጊው ወደ ቀድሞ ቦታው እንደሚመለስ አትጠራጠሩ።

በእኔ አስተያየት የየቤቱ እርጥብ ጥራጊ በየቤቱ ይብሰል። ለወጥ ቤቷ የሚቀርብ አንድ ክዳን ያለው ባልዲ ወይም አሮጌ እንስራ ይኑር፤ ልጣጭና የቡና አተላ እዚያ ይግባ፣ አመድ ለብቻው፣ ፌስታልና ብርጭቆ ለብቻው። በርበሬ፣ ጨውና ዘይት የበዛበት የወጥ ትራፊ፣ ሥጋና አጥንት ወደ ክምሩ አይግቡ፤ ውሻም ጅብም ይጠራሉ። የሻገተ እንጀራ ግን ችግር የለበትም፣ አፈር ይልበስ እንጂ። በጋራ የሚሠራው ደግሞ ከባዱ ሥራ ይሁን፤ አረም ማጨድ፣ ገለባ ማጓጓዝና ክምር መገልበጥ በደቦ ቢሆን ያምራል። እድራችሁ ተራ አውጥቶ አንድ ሳምንት የአንዱን፣ ሌላ ሳምንት የሌላውን ክምር ቢገለብጥ ማንም አይጎዳም። የአዛባው ባለቤትነትም አያጨቃጭቅም፤ አራት ከብት ያላትና አንድ ፍየል ብቻ ያላት እኩል አዋጥተው እኩል እንዲካፈሉ ማድረግ በእኛም መንደር አልሆነም።

መልስ (በኦርጋኒክ ምርት ቁጥጥር ሥራ ያለ)

የሕጉን ጥያቄ ልመልስ። በአገራችን የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488/1998 አለ፤ ይሁን እንጂ በተግባር ዝርዝር መለኪያ የሚመጣው ከገዢው አገር ነው። ለምሳሌ የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ከቤት ጥራጊ የተሠራ ብስባሽን ይፈቅዳል፣ ነገር ግን ጥራጊው በምንጩ የተለየ፣ የዕፅዋትና የእንስሳት ቅሪት ብቻ የሆነ፣ አሰባሰቡም ዝግና ክትትል የሚደረግበት መሆን አለበት። በደረቅ ክብደቱ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ካድሚየም ከ0.7፣ እርሳስ ከ45፣ መዳብ ከ70፣ ዚንክ ከ200፣ ሜርኩሪ ከ0.4 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥም ይጠይቃል። የገጠር ቤት ልጣጭና አዛባ በራሱ ከዚህ ልክ የሚያልፍበት ምክንያት እምብዛም አይኖርም፤ የሚያሳልፈው የባትሪ ድንጋይ፣ የቀለም ፍቅፋቂና ቀለም የተቀባ እንጨት አመድ ነው። አንድ ባትሪ ድንጋይ ክምር ውስጥ ከገባ በኋላ ፈልጎ ማውጣት አይቻልም፤ ስለሆነም ከላይ እማወራዋ የጠቀሷቸው የተለያዩ ዕቃዎች ለንጽሕና ብቻ ሳይሆን ለሕጉም መሠረት ናቸው።

ከዚያው ደንብ ሁለት ነገር ልጨምር። ከብቶች መሬት ሳይረግጡ በብዛት ታጉረው ከሚረቡበት ድርጅት የመጣ ፍግ አይፈቀድም፤ በከተማው ዙሪያ ካለ የዶሮ እርባታ ኩስ ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ይህን አስቡበት። እንዲሁም መሬቱ ኬሚካል ከቆመበት ጊዜ ጀምሮ ለዓመታዊ ሰብል ቢያንስ ሁለት ዓመት የሽግግር ጊዜ ይጠበቅበታል፤ የአሜሪካ ደንብ ደግሞ ሦስት ዓመት ይላል።

ለደብረ ብርሃን ገበያ ግን የውጭ ሰርተፊኬት አያስፈልጋችሁም፤ ወጪውም ለጓሮ አትክልት የሚመከር አይደለም። ገበሬዎችና ገዢዎች በጋራ መመዘኛ አውጥተው እርስ በርስ የሚጎበኛኙበት የጋራ ዋስትና አሠራር በብዙ አገሮች ተቀባይነት አግኝቷል፣ ለእድር ላላቸው ሰዎችም አዲስ ነገር አይደለም። የሚያስፈልገው መዝገብ ነው፤ ክምሩ መቼ ተከመረ፣ ምን ገባበት፣ ገለባው ከየትኛው ማሳ መጣ፣ ማሳው ፀረ አረም ተረጭቶ ነበር ወይ፣ ብስባሹ በየትኛው መደብ ላይ ዋለ። የስንዴ ገለባችሁ ከተረጨ ማሳ ከሆነ ለጓሮው ክምር አታምጡት።

ጠያቂው እንደገና

የሰጣችሁን ማብራሪያ ለእድሩ ሰዎች አንብበንላቸዋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ክምሩ በየቤቱ፣ አጨዳውና ግልበጣው በደቦ እንዲሆን ተስማምተናል። ሁለት ነገር ብቻ ቀርቶናል። በገብሱ ገለባ ውስጥ ሲናር ይበዛል፤ ዘሩ ከብስባሹ ጋር ወደ ጓሮ ይመለስ ይሆን ብለን ሠግተናል። ደግሞም ብስባሹ መድረሱን በምን እናውቃለን? አንዳንዶች የመጸዳጃ ቤት አፈርም ይጨመር ብለዋል።

መልስ (የአፈር ለምነት ባለሙያ)

የመጸዳጃውን አትጨምሩ። የጥገኛ ትሎች እንቁላል በተራ ክምር ውስጥ ሙቀቱ እኩል ስለማይዳረስ በሕይወት ሊቆይ ይችላል፣ የምትሸጡት ደግሞ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ጭምር ነው፤ የኦርጋኒክ ደንቦችም አይፈቅዱትም።

ሲናርን በተመለከተ፣ ገለባው ሁልጊዜ በክምሩ መሐል እንጂ በዳር አይሁን፤ ስትገለብጡም የዳሩ ወደ መሐል መግባቱን አረጋግጡ። እንጨቱ ሲወጣ እጅ የማያስችል ሙቀት ቢያንስ ለጥቂት ቀናት ካልታየ፣ ያ ክምር የአረም ዘር አልገደለም ማለት ነውና ለጓሮ ሳይሆን ለዛፍ ችግኝ ይዋል።

የደረሰ ብስባሽ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ነው፣ የገባበት ነገር አይለይም፣ ከዝናብ በኋላ እንዳለ አፈር ይሸታል፣ ቢገለበጥም ዳግም አይሞቅም። ለበለጠ እርግጠኝነት ፌጦ ተጠቀሙ፤ በየቤቱ አይጠፋም። በአንድ ሰሐን ብስባሽ፣ በሌላው የጓሮ አፈር አድርጋችሁ እኩል የፌጦ ፍሬ ዝሩባቸውና አርጥቧቸው። በጥቂት ቀናት ውስጥ በሁለቱም እኩል ከበቀለና የብስባሹ ቡቃያ ሥሩ ነጭ ከሆነ ወደ መደብ ይውጣ። በብስባሹ ላይ ያለው ከዘገየ፣ ከቢጫነት ካልወጣ ወይም ሥሩ ከጠቆረ ገና አልበሰለም፤ መልሳችሁ ሸፍኑትና ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና በፌጦ ሞክሩት። ነጭ ሽንኩርት በምትተክሉበት ዕለት በካሬ ሜትር ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም በትናችሁ ወዲያው ከአፈር ጋር አዋህዱት፤ በፀሐይ ላይ ተበትኖ ሲውል ጥቅሙ ይቀንሳል። ለገብሱ ማሳ እስክትደርሱ ድረስ ደግሞ ባቄላውን ከገብሱ ጋር ማፈራረቁን አታቋርጡ፤ ብስባሹ ያልደረሰበትን ናይትሮጅን ባቄላው ከአየር እየሳበ ለአፈሩ ይተዋል።